ኮሎኔሎቹ ትዝታቸውን ጻፉ፤ እናቶችስ?

(ከዚህ በታች የቀረበው ተባባሪ ጸሐፊያችን በሐዋሳ ከተማ በአንድ የንባብ ምሽት ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አሳጥረነዋል። የዝግጅት ክፍሉ)



ወደዚህ ስመጣ ፒያሳ አስፋልት ዳር ላስቲክ ዘርግቶ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ቆም አልኩ። መጻሕፍቱን በሰልፍ ደርድሯቸዋል። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን» አለ። የፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» አለ። የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» አለ። ከእነርሱ ጎን ደግሞ ደርግ ያሳድዳቸው የነበሩት ተቀምጠዋል፤ የኢሕአፓው የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»፣ የመኢሶኑ የአንዳርጋቸው አሰግድ «ባጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»። በዚያን ዘመን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ያቃታቸው ሰዎች ዛሬ በአንድ ላስቲክ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አጫጭር ልብ ወለድ የለህም ወይ?» አልኩት ልጁን።

ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሱ አይሄድም እኮ! ሰው የሚፈልገው እውነቱን ነው» አለኝ።

እውነቱን! አምስት መጽሐፍ፣ አምስት እውነት። እያንዳንዱም እንደ ጡብ የወፈረ። የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ፤ የእነዚህ ሁሉ ጡቦች ክርክር ተጨምቆ ሲወጣ አንዲት ጥያቄ ነች። ማን ጀመረው? ደርግ «ነጭ ሽብር ስለተከፈተብኝ ቀይ ሽብር መለስኩ» ይላል። መስከረም 1969 ዓ.ም. በሊቀመንበሩ ላይ የተሞከረውን ግድያ ይጠቅሳል። መኢሶን በዚያው ወር የተገደለበትን ፍቅሬ መርዕድን ያነሣል። ኢሕአፓ በበኩሉ «እኛ እኮ የተከላከልን ነን፤ ግድያውንም እስራቱንም የጀመረው ሥልጣኑን የነጠቀው ወታደር ነው» ባይ ነው። ከዚያ ሚያዝያ 1969 ይመጣል። ሊቀመንበሩ አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እያነሡ ከሰከሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለዚህ አዳራሽ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኔ ዛሬ ማታ ልናገር የመጣሁት ስለጡቦቹ አይደለም። ጡቦቹ ይጠቅማሉ፤ ባይጻፉ ኖሮ እንነቅፋቸው ነበር። የኔ ነገር ሌላ ነው። መሪዎቹ ትዝታቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። ያልመራውስ ሰው? ያ ሁሉ የሆነበት፣ በር የከፈተው፣ በሩ ላይ የቆመው፣ ከበሩ ኋላ ያለቀሰው ሰው ትዝታ የት ነው የሚጻፈው? እኔ እንደማምነው የሱ ቤት አጭር ልብ ወለድ ነው። እኛም አገር ያ ቤት ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ ከራሴ ቤት ልጀምር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ እዚሁ ከተማ ከቤቱ ተወሰደ። አዋሳ ያን ጊዜ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ርዕሰ ከተማ ነበረች። (እኔ «አዋሳ» እያልኩ ያደግሁ ነኝ፤ አፌ ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ።) አስከሬኑ አልተገኘም። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ አብዮት ጠባቂ ነበር። አዎ፣ ሁለቱም አጎቶቼ ናቸው። እናቴ አባቴን ስታገባ ይህን ታውቅ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ታውቅ ነበር።

ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ይህን ነው። አጎቴ ለፋሲካ ሲመጣ እናቴ ዶሮውን ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ቡናውን ታፈላለች። ግን እሱ ባለበት ክፍል ውስጥ አትቀመጥም። አንድም ቀን ስትቀመጥ አላየሁም። አጎቴ ከጠጣ በኋላ አንዳንዴ «እኔ ሰው አልነካሁም፤ እኔ የቆምኩት በር ላይ ብቻ ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ሲኒዋን እያጠበች «በሩን የያዘውም ያው ነው» ትላለች፣ እሷም ማንም ሳይጠይቃት።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህን የሁለት ዓረፍተ ነገር ሙግት የትኛው ጡብ ውስጥ ላስገባው? በየትኛው ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገኛል? ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግ ባለሥልጣናትን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ፍርድ ቤት አቁሞ ሲከራከር፣ ታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ፣ መንግሥቱ በሌሉበት በመጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 ደግሞ በይግባኝ ሞት ሲፈረድባቸው እኛ ቤት ራዲዮው ተከፍቶ ነበር። አባቴ ዜናውን ሰማ፣ እናቴም ሰማች። አንዳቸውም ቃል አልተናገሩም። ፍርድ ቤቱ ሥራውን ሠርቷል። የእናቴ ቡናና የአጎቴ በር ግን በክሱ ውስጥ አልነበሩም።

አዲስ አበባ የሄዳችሁ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አይታችሁት ይሆናል። ውስጡ አጽም አለ፣ ፎቶግራፍ አለ። ደጁ ላይ ግን ሦስት ሴቶች ቆመዋል። እዚያ የተቀረጸው ቃል የአንዲት አራት ልጆቿን የተነጠቀች እናት ነው፤ በአንድ ሌሊት የወለደቻቸው ይመስል በአንድ ሌሊት ፈጇቸው የምትል። እኔ እዚያ ድንጋይ ፊት ቆሜ ያሰብኩት፣ ይህች ሴት አጭር ልብ ወለድ ተናግራለች ብዬ ነው። አንድ ሌሊት፣ አንድ እናት፣ አራት ልጅ። ማን ጀመረው አላለችም። ጊዜም የላት።

አጭር ልብ ወለድ ማለት ይኸው ነው እኮ! አሥር ገጽ ነው ያለው። በአሥር ገጽ ስለ ሶሻሊዝም ደረጃዎች መከራከር አይቻልም። አንድ በር፣ አንድ ጫማ፣ አንድ ሲኒ ይበቃዋል። በዚያ ምክንያት የአንዱ ወገን ሰው የሌላውን ወገን ታሪክ ሳያስበው አንብቦ ይጨርሰዋል። ትዝታ ስንገዛ እንኳ የጸሐፊውን ስም አይተን፣ «ይሄ የነሱ ነው» ብለን እንመልስ የለም እንዴ?

ታዲያ አማርኛው ለምን ዝም አለ? አጭር ልብ ወለድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም. ነው ያሳተመው። ከዚያም በኋላ እነ አውግቸው ተረፈ፣ እነ አዳም ረታ መጥተዋል። ችሎታ አልጎደለም። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን የበዓሉ ግርማን ነገር ማስታወስ ነው። እሱ የጻፈው ረጅም ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን የሁሉንም ብዕር ያስደነገጠው የሱ ዕጣ ስለሆነ ላልፈው አልችልም። በዓሉ በ1972 ዓ.ም. በ«የቀይ ኮከብ ጥሪ» ለአብዮቱ የሚመች መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። በ1975 ዓ.ም. በ«ኦሮማይ» የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ እንዳየው ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ከከተማ ወጣ ብሎ ቆሞ ተገኘ። እሱ አልተገኘም። ይህን ያየ ደራሲ ቢቀጥል ምን ይጽፋል? ስለ ፍቅር ይጽፋል። ስለ ዝናብ ይጽፋል። ስለ ዕብድ ይጽፋል፤ ዕብድ ያሻውን ቢናገር ማን ይጠይቀዋል?

1983 ከመጣ በኋላስ? ሳንሱር ተነሣ ተባለ፤ መጽሐፉም ጋዜጣውም ፈላ። ግን ያን ጊዜ ደግሞ ትዝታው ባለቤት አገኘ። የተገደለው ሁሉ «የደርግ ሰለባ» የሚል አንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ገባ። እውነት ነው፣ የደርግ ሰለባ ነው። ነገር ግን በኢሕአፓ ጥይት የወደቀው የቀበሌ ሰው የት ይግባ? ለልጁ አስከሬን የጥይት ዋጋ ከፍለሽ ውሰጂ የተባለችው፣ ጥቁር መልበስም የተከለከለችው ሴትዮ በቀጣዩ ሥርዓት ደግሞ ሁለተኛ ልጇ ቢገደል የት ሄዳ ታስመዝግብ? መንግሥታት ሁሉ ከራሳቸው በፊት የፈሰሰውን ደም ይወዳሉ። ለሱ ሙዚየም ይሠራሉ፣ ሻማ ያበራሉ። በራሳቸው ዘመን ለፈሰሰው «አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል» ይላሉ። እኛ ጋዜጠኞችም ንጹሐን አይደለንም። ርዕሱን በትልቁ እንጽፋለን፣ በሳምንቱ ወደ ሌላ ርዕስ እንሄዳለን።

በቀይ ሽብር ላይ ጥርስ ያላቸው አጫጭር ታሪኮች ከጻፉልን አንዱ ሐማ ቱማ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ጉዳይ እና ሌሎች ታሪኮች» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል መጽሐፍ አወጣ። የፊተኛው ክፍል የፍርድ ቤት ጉዳዮች ናቸው፤ አንድ ችሎት መታዘብ ሱስ የሆነበት ሰው ተቀምጦ ያያል። አንዱ ጉዳይ «የጀግናው ገራፊ ጉዳይ» ይባላል። ገራፊ ጀግና! ያነበበ ሰው ይስቃል፣ ሳቁን ሳይጨርስ ያፍራል። ሐማ ቱማ ከኢሕአፓ ወገን የቆመ ሰው ነው፤ ሳቁ ግን የፓርቲ መታወቂያ አይጠይቅም። ጉዱ ምኑ ላይ ነው? መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

በቅርቡም ያው ነው። መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖር ደራሲ ነች። በ2020 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባን የጨለማ ገጽታ የሚያሳዩ የአሥራ አራት ሰዎች ያህል አጫጭር ታሪኮች ሰብስባ ኒውዮርክ አሳተመች፤ ከነዚያ ውስጥ የራሷ ታሪክ በ2021 የኤድጋር ሽልማትን አገኘ። ስለምን መሰላችሁ? ስለ አጽም። ከአርጀንቲና ስለመጡ የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች ነው። ይህ ፈጠራ ብቻ አይደለም። አርጀንቲናዎች እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1983 የራሳቸው ወታደሮች የሰወሩባቸውን ልጆች አጽም እየቆፈሩ የተማሩትን ሙያ ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ሥራ በእርግጥ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። የነሱ እናቶችና የኛ እናቶች ልጆቻቸውን የተነጠቁት በተመሳሳይ ዓመታት ነው። ያው በ2021 ሌላዋ ኢትዮጵያዊት ሜሮን ሀደሮ ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሆና ወሰደች። እሰይ! ደስ ይላል። ግን ከአስፋልት ዳሩ ልጅ ላስቲክ ላይ አንዳቸውም የሉም። የአጽማችን ታሪክ በፈረንጅ አፍ ተሸልሞ፣ አጽሙ የወጣበት ሰፈር ያለችው እናት ማንበብ አትችልም።

ከአሜሪካ አንድ ነገር ልዋስና ወደ ከተማችን ልመለስ። እነሱም ትዝታቸው የተጣላ ሕዝብ ናቸው። ጥቁሮችን በዛፍ ላይ እየሰቀሉ፣ እያቃጠሉ መግደል በደቡቡ ክፍላቸው የአደባባይ ትርዒት የነበረበት ዘመን ነበር። ለነዚያ ሟቾች፣ ከ4,400 በላይ ለሚሆኑት፣ በአላባማ ሞንትጎመሪ ከተማ ብሔራዊ መታሰቢያ የተከፈተው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ጄምስ ቦልድዊን የሚባለው ጥቁር ደራሲ ግን በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ታሪክ አሳትሞ ነበር። ታሪኩን የሚያየው በማን ዓይን ነው ብትሉ፣ በሟቹ አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ባለው በአንድ ነጭ ፖሊስ ዓይን ነው። ሰውየው ጥቁሮችን ሲደበድብ ውሎ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይገላበጣል፤ ልጅ ሳለ እናትና አባቱ እንደ ሽርሽር ምግብ ቋጥረው የሰው ግድያ ሊያሳዩት የወሰዱት ቀን ትዝ ይለዋል። በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አየ።

ይህ ታሪክ ነጩን ይቅር አይልም። አይራገምም። ሰው ገዳይ ሆኖ እንደማይወለድ፣ ትከሻ ላይ ተሸክመው እንደሚያሠለጥኑት ያሳያል። መታሰቢያው ከመቆሙ ከ53 ዓመት በፊት! ቲም ኦብራየንም አለ፤ ቬትናም የዘመተ ወታደር ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ተራኪውን በራሱ ስም ይጠራዋል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ልብ ወለድ ነው ይላል። የመጀመሪያው ታሪክ ወታደሮቹ ምን እንደተሸከሙ፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ይቆጥራል። ጦርነቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ሙግት ትቶ ሸክሙን መዘነ።

አሁን የኔን ፍርሃት ልንገራችሁ። እኛ ስለ 1970 ስንከራከር ሌላ ትዝታ እዚሁ ሐዋሳ እግራችን ሥር እየተከመረ ነው።

ሎቄ ቅርብ ነው፤ በባጃጅ ይደረሳል። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን አስተዳደር ነገር ተቃውመው ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ ሲዳማዎች እዚያ በጥይት ተገደሉ። የሞቱት ቁጥር ያን ቀን ማታውኑ ተለያየ፤ ዛሬም እንደተናጋሪው ነው። ቁጥር እንዲህ ነው መቼም፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ ኢትዮጵያ 30,000 ስትል ኢጣሊያኖች እጅግ ያነሰ ይሉ አልነበር? ስሙን በአደባባይ ማንሣት የሚያስፈራበት ዘመን አልፎ ሎቄ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ ከመቶ 98 በላይ የሆነው ድምፅ ለክልልነት ሆኖ፣ ሰኔ 2012 የሲዳማ ክልል ሲቆም የሎቄ ሟቾች በብዙ አፍ ተጠሩ።

በሌላ ወገን ደግሞ ሰኔ 2010 አለ። በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን እዚህ ከተማ በተነሣው ግጭት የሞቱና ቤታቸውን ጥለው የሸሹ የወላይታ ተወላጆች አሉ። ሐምሌ 2011 አለ፤ ክልል ይታወጅ ተብሎ የተጠራው ቀን ከሽፎ ደም የፈሰሰበት፣ ሱቅና ቤት የነደደበት። ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ወንበር ላይ ስትነቃነቁ አያለሁ። ልክ ናችሁ። እኔም ስጽፈው ወንበሬ ላይ ተነቃንቄአለሁ።

አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ልቅሶ አለ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። የሎቄው በሲዳምኛ ይለቀሳል፣ የሲዳምኛ እንጉርጉሮ የማይሰማው ጎረቤት ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። የሰኔው በጓዳ በወላይትኛ ይለቀሳል፣ በአደባባይ ስሙም አይነሣ። ሃያ ዓመት ቆይተን ምን እንደምናገኝ ላሳያችሁ? አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ጡቦች እናገኛለን። የዞኑ አስተዳዳሪ የነበረው ይጽፋል፣ የፖሊሱ አዛዥ ይጽፋል፣ የወጣቶቹ መሪ ይጽፋል። ማን ጀመረው ብለው ይከራከራሉ። ያን ቀን ልጇን ሳሙና ግዛ ብላ የላከችው ሴትዮ አትጽፍም።

እዚህ የተቀመጣችሁ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከሆናችሁ ልመናዬ ይኼ ነው። ሲዳማው ልጅ ያንን የሸሸውን የወላይታ ቤተሰብ አንድ ሌሊት ይጻፍ፤ ቁልፉን ለማን ሰጥተው ነው የወጡት? የወላይታው ልጅ ከሎቄ ያልተመለሰውን አባት የእራት ሰሃን ይጻፍ፤ እስከ ስንት ሰዓት ተከድኖ ቆየ? በአማርኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ በፈለጋችሁት። ቦልድዊን ነጩ ሰውዬ አልጋ ድረስ ገብቷል። እኛ የጎረቤታችን ማጀት መግባት ከበደን?

«ልብ ወለድ ውሸት ነው፣ በሰው ቁስል ላይ ይቀለድበታል» የሚለኝ አይጠፋም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ በደርግም ጊዜ ካድሬው ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ታሪክ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ነው በራሴ ልሞክረው ያልኩት።

ባለፈው ዓመት ስለ እናቴ ወንድም ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ስሙን ቀየርኩ፣ ሰፈሩን ቀየርኩ። ሲወሰድ ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ፈጠርኩት። ከዚያ ለእናቴ አነበብኩላት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፣ አልተወችውም። አንብቤ ስጨርስ ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ነጠላ ጫማ አይደለም» አለች። «አንድ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ሌላኛውን እየፈለገ ሳለ ነው የመጡት። እኔ ነኝ አጥቤ ያሰጣሁት፤ ገመድ ላይ ነበር።»

አርባ ዓመት ከእሷ ጋር የኖረ ካልሲ ነው። በየትኛውም ጡብ ውስጥ የለም። ታሪኩን አስተካከልኩት።

አጎቴ አሁን ሸምግሏል፣ ዓይኑ ደክሟል። መጻፌን ሰማና አስጠራኝ። «የበሩ ነገር አለበት?» አለኝ።

«አለበት፣ አጎቴ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው መጥተህ አንብብልኝ። እናትህንም ይዘሃት ና» አለ።

ለእናቴ ነገርኳት። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም። የፊታችን እሁድ ነው ቀጠሯችን።